ስለ «ድፍረት» ሲኒማና ስለ ልጃገረዶች መንገድ

ባለፈው ወር በሚዛን ተፈሪ ከተማ ከጥቂት መምህራን ጋራ ኾነን «ድፍረት» የተባለውን የአማርኛ ሲኒማ ለተማሪዎች አሳይተን ነበር። ሥዕሉ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነውና፥ ከቀኑ በ10 ሰዓት ብንዠምር ጀንበር ሳትጠልቅ ይፈጸማል ብለን አስበን ነበር። ነገር ግን መብራት ኹለት ጊዜ ጠፋብን። ሰዓቱ 11 ተኩል በኾነ ጊዜ፥ የፍርድ ቤቱ ክርክር ገና ሲጋጋል፥ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው የነበሩት ልጃገረዶች አንድ በአንድ እየተነሡ ደብተራቸውን ይዘው ወጡ። ወንዶቹ ግን እስከ ፍጻሜው ቈዩ። እኔም በመዠመሪያው ቅር ተሰኝቼ፥ ለጥበብ ፍቅር የላቸውም ብዬ ፈረድሁባቸው። በማግሥቱ ከወጡት አንዲቱ መንገድ ላይ አገኘችኝና «የኔታ፥ ልጅቱ ተፈረደላት ወይስ ተፈረደባት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳታዪ ለምን ወጣሽ ብላት፥ ቤታችን ከቡናው ማዶ ነው፥ ከመሸ አንሻገርም ብላ መለሰችልኝ።

እንግዲህ ይህን ሒስ የምጽፈው ያን መልስ ከሰማሁ በኋላ ነው። ሲኒማውን ከዚያ በፊት ብጽፍበት ኖሮ ስለ ተዋንያኑ አነጋገርና ስለ ሥዕሉ ጥራት አትቼ በዚያው እዘጋው ነበር።

ሲኒማውን ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር በአሜሪካ አገር በሰንዳንስ ጉባኤ ታይቶ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በየካቲትም በበርሊን እንዲሁ ተመልካቾች መርጠው ሸለሙት። አንጀሊና ጆሊ የተባለችው ስመ ጥር ተዋናይት ስሟን ሰጥታ ስለ ደገፈችው ወሬው ባሕር ማዶ ቶሎ ተሰማ። ታሪኩ በ1989 ዓ.ም. በአርሲ ከተፈጸመ እውነተኛ ነገር የተወሰደ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ሊያገባት የፈለገው ሰው በጎጆ ዘግቶ ደፈራት። እርሷም በማምለጥ ላይ ሳለች ስለ ተከተላት በራሱ ጠመንጃ ገደለችው፤ በነፍስ መግደልም ተከሰሰች። ያን ጊዜ ከተመሠረተ ብዙ ያልቈየው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት፥ ከኹለት ዓመት ያህል ክርክር በኋላ ራሷን በመከላከሏ ነጻ ወጣች። በሲኒማው ልጅቱ ሂሩት ትባላለች፤ እርሷን ኾና የምትጫወተው ትዝታ ሐገሬ ናት። የማኅበሩን መሥራች የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ክፍል ይዛ የምትጫወተው ደግሞ ሜሮን ጌትነት ናት።

አስቀድሞ ስለ ስሙ እናገራለሁ፤ ከሥራው ኹሉ እጅግ የተዋጣለት ስሙ ይመስለኛልና። ደፈረ የሚለው ግሥ በቋንቋችን ኹለት ፊት አለው። ጐበዝ ጠላቱን ሲደፍር እናመሰግነዋለን፤ ድንበር ተደፈረ ሲባል እንቈጣለን፤ ልጅት ተደፈረች ሲባል ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። ያንኑ ቃል ስለ አገር ስንሰማው ነጋሪት ያስመታል፥ ስለ ልጅ ስንሰማው በር ያዘጋል። ከዚህም የከፋ አለ። ደፋር ወንድ ማለት ምስጋና ነው፤ ደፋር ሴት ማለት ግን በብዙ ቤት ስድብ ነው። አዘጋጁ ይህን ኹሉ በአንድ ቃል ውስጥ ከቶት፥ ሰውየው ያደረገውንና ልጅቱ ያደረገችውን በአንድ ስም ይጠራል። ባሕር ማዶ ያሉ ተመልካቾች ስሙን ሲተረጕሙላቸው ከኹለቱ ፊት አንዱን ብቻ እንደ ሰሙ እገምታለሁ። ቃሉን ሙሉ አድርገን የምንሰማ እኛ ነን፤ ስለዚህ ዕዳውም የበለጠ በእኛ ላይ ነው።

ሴት ልጅ በመንገድ ላይ ስትሄድ ማሳየት በአማርኛ ድርሰት አዲስ ነገር አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ በልቦለድ ጽሑፋችን መዠመሪያ የሚባለው፥ የመንገድ ታሪክ ነው። ጦቢያ መንታ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋራ ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። አንባቢም በዚህ ይስቃል፤ በተለይ የንጉሡ ዘመድ የኾነችው ልጃገረድ ወንድ መስላት በወደደቻት ጊዜ። እኔም በተማሪነቴ ስቄ ነበር። አኹን ግን ተመልሼ ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው። ደራሲው ኢትዮጵያን የምታስታውስ ስም የሰጣትን ልጅ እንኳ፥ ሴት ኾና በአገር መንገድ እንድትሄድ ሊያደርጋት አልቻለም። ቀሚሷን መልሳ የምትለብሰው ንጉሥ የሚያገባት በኾነ ጊዜ ነው። በመንገዱና በሠርጉ መካከል ለልጅቱ ሌላ ስፍራ የለም። ከዚያ ከ106 ዓመት በኋላ የወጣው ሲኒማ ግን ልጅቱን ሳይደብቅ፥ ደብተር በእጇ ይዛ፥ ደስ ብሏት፥ ብቻዋን በሜዳው ያስኬዳታል። ጦቢያ ያላገኘችውን ይህን ጥቂት ርምጃ ሂሩት አገኘችው። የቈየው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ያ የመንገድ ክፍል የሲኒማው ራስ ነው፥ ደግሞም በሚገባ ተሠርቷል። ሜዳው ሰፊ ነው፥ ሰማዩ ክፍት ነው፥ ፈረሰኞቹ ከሩቅ ይታያሉ። ልጅቱ ታያቸዋለች፥ ትሮጣለች፥ ግን ሜዳው ስለ ሰፋ የምትገባበት የለም። አዘጋጁ ጩኸቱን አያበዛውም። በጎጆው የተደረገውንም ለዐይናችን ምግብ አያደርገውም፤ በዚህ አስተዋይነቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በሴት ሥቃይ ተመልካች የሚሰበስቡ ሥዕሎች ብዙ ናቸውና።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ በአዳራሻችን የተቀመጡት ልጃገረዶች ያዩት ሜዳ የእነርሱ መንገድ አይደለም። ከሚዛን ወደ በበቃ ስትወርድ፥ ወይም በሸኮ አድርገህ ወደ ቴፒ ስትሻገር፥ መሬቱን የሸፈነው ቡና ነው፥ ከቡናውም በላይ ጥላ ዛፍ ነው። በቀን 8 ሰዓት እንኳ ከዛፉ ሥር ምሽት ይመስላል። ከዋናው መንገድ ወደ መንደር የሚገባው ቀጭን መንገድ በቡናው መካከል ይታጠፋል፥ እንደ ገና ይታጠፋል፥ ከ20 ርምጃ በላይ ፊት ለፊት አይታይም። ለቀማ በደረሰ ጊዜ ከየአገሩ ሠራተኛ ይመጣል። ከሚመጡት አብዛኞቹ እንጀራ ፈላጊ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ኾኖም ማንም ማንንም የማያውቅበት ወራት ነው። ወላጅ ኹሉ በማሳ ላይ ስለሚውል፥ ልጅ ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ወጣች፥ በስንት ሰዓት ገባች ብሎ የሚቈጥር ሰው የለም። ውኃ ልትቀዳ፥ ወፍጮ ቤት እህል ልታደርስ፥ ከገበያ ልትመለስ የምትሄደው በዚያው መንገድ ነው። ትምህርቷን ለመቀጠል ከገጠር ወጥታ በከተማ ቤት የተከራየችው ልጅም ቅዳሜ ስንቋን ልታመጣ በዚያው ትመለሳለች። እዚህ ፈረስ የለም፥ ጠመንጃም አያስፈልግም። ከቡና ዛፍ ሥር የሚጠብቅ አንድ ሰው በቂ ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት በመጨረሻው ምዕራፍ የብንያም ልጆች በወይኑ ቦታ አድብተው በበዓል የሚዘፍኑትን የሴሎ ልጃገረዶች ነጥቀው ሚስት ማድረጋቸው ተጽፏል። አድብቶ መያዝን ከወይን ተክል ጋራ ያገናኘው ጸሐፊ ተክል ያለበትን አገር የሚያውቅ ሰው ነበር። ጋብቻውን ሊያቃና የተቀመጠው ደግሞ የሽማግሎች ጉባኤ መኾኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ሲኒማውን የምነቅፍበት መዠመሪያ ነገር ይህ ነው። አደጋውን ከሩቅ የሚታይ፥ በጭፍራ የሚመጣ፥ ልማድ ነው ተብሎ በአደባባይ የሚሟገት አድርጎ ብቻ ሥሎታል። እርግጥ የተነሣበት ታሪክ እንዲህ ነበር፤ ነገር ግን ተመልካቹ ወንድ፥ እኔ ፈረስ የለኝ፥ ጠለፋ በእኛ ዘንድ ቀርቷል ብሎ ነጻ ኾኖ ይወጣል። በአዳራሹ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ወጣቶች ጠላፊው ሲሞት አጨበጨቡ። ከእነዚያው መካከል በየማታው በከተማው መንገድ ዳር ቆመው የምታልፈውን ኹሉ የሚለክፉ እንዳሉ አውቃለሁ። ሲኒማው ማጨብጨቢያ ሰጣቸው፥ መስታወት ግን አልሰጣቸውም።

እኔም ብኾን ከነቀፌታው አልወጣም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የኾነች ጐበዝ ልጅ በመንገዷ ላይ አንድ ሰው እየጠበቀ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ። እኔም በዙሪያው በረዥሙ መንገድ ሂጂ፥ ከጓደኞችሽም አትለዪ፥ በጊዜ ግቢ ብዬ መከርኋት። ምክሩ የአባት ምክር መስሎኝ ነበር። ሰውየውን አውቀው ነበር፤ ወደ እርሱ ግን አልሄድሁም፥ ለሽማግሌም ለዳኛም አልተናገርሁም። በረዥሙ መንገድ መሄድ ኹለት ሰዓት ስለሚጨምርባት መዠመሪያ የማለዳው ትምህርት አመለጣት፥ ከዚያ ፈተናው፥ ለቀማም ሲደርስ ጨርሳ ቀረች። ሰውየው ነክቷት እንደ ኾነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፥ ለመጠየቅም አፈርሁ። ትምህርቷን ያስተዋት ግን የእርሱ መጠበቅና የእኔ ምክር ኹለቱ ተባብረው ነው። በሲኒማው ሽማግሎቹ ሲናገሩ ስሰማ ድምፃቸው እንግዳ አልኾነብኝም።

ያ የሽማግሎች ሸንጎ፥ ከመንገዱ ቀጥሎ፥ በሲኒማው እጅግ የበሰለው ክፍል ነው። አዘጋጁ ሽማግሎቹን መሳቂያ አላደረጋቸውም። በዛፍ ጥላ ተቀምጠው በሥርዐት ይናገራሉ፥ የሟቹ አባት ያዝናል፥ የልጅቱ አባት ይከራከራል፥ ቃላቸውም ክብደት አለው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ክፉዎች ሳይኾኑ ልጅቱን ማየት አልቻሉም። በእውነተኛው ጉዳይም ሽማግሎቹ ልጅቱ ከመንደሯ እንድትርቅ፥ ቤተ ሰቧም ካሣ እንዲከፍል ፈረዱ። መንግሥት ነጻ ያወጣትን ልጅ መንደሩ አላስገባም አለ። መንገዱን የዘጋው ሰው ሞቷል፥ መንገዱ ግን ለእርሷ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ካህናት አንባቢዎቼ በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ያለውን ያስታውሷል። ሰው ልጃገረድን በሜዳ አግኝቶ በግድ ቢይዛት፥ በእርሷ ላይ ምንም እንዳይደረግ ሙሴ ያዛል፤ ነገሩም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ እንደሚገድለው ያለ ነው ይላል። ምክንያቱን ሲሰጥ፥ ጮኻለች፥ የሚያድናት ግን አልነበረም ብሎ ነው። ሕጉ ምስክር አልጠየቀም። ጩኸቷን ማንም ሳይሰማ ሕጉ ሰምቶላታል፤ ቦታው ሰው የሌለበት መኾኑ ራሱ ምስክሯ ኾነ። በእኛ ሸንጎ ግን ነገሩ ተገልብጦ፥ ሰው በሌለበት ምን ልትሠሪ ሄድሽ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ሙሴ ሜዳውን ለልጅቱ ጠበቃ አድርጎ ሲያቆመው እኛ ከሳሽ አደረግነው። ይህን ክፍል ስናነበንበው ኖረናል፤ በቡና መንገድ ላይ ለሚኾነው ነገር እንደ ተጻፈ አድርገን ግን ስንት ጊዜ ተረጐምነው?

ኹለተኛው ነቀፌታዬ ስለ ከተማው ነው። በሲኒማው ጨለማው ገጠር ነው፥ ብርሃኑ አዲስ አበባ ነው። በከተማው የተማረች ጠበቃ አለች፥ ስልክ አለ፥ ሕግ አለ። ሂሩት በጠበቃዋ ቤት ስታድር፥ ያላገባች ሴት ብቻዋን ቤት ይዛ መኖሯ ሲደንቃት የምናየው ክፍል የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ትዝታ ሐገሬ በዚያ ስፍራ ከዐይኗ በቀር በምንም ሳትናገር ብዙ ትናገራለች። ነገር ግን ሲኒማው ከተማውን ንጹሕ አድርጎ ትቶታል። ሥዕሉ በአዲስ አበባ ሊታይ በተሰናዳበት ወራት፥ በ2007 ዓ.ም. በመስከረም፥ በዚያችው ከተማ በአየር ጤና አካባቢ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተሳፈረችበት ታክሲ ተጠልፋ በብዙዎች ተደፈረች፤ በጥቅምትም ሞተች። ፈረሱ ታክሲ ኾነ፥ ሜዳው አስፋልት ኾነ፥ ልጅቱ ግን ያችው ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ናት። ወንጀለኞቹ ተፈረደባቸው፥ አገሩም አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ሲኒማውን የሚያይ ሰው ከተማን መሸሸጊያ አድርጎ ሊያይ ይቸገራል።

ሦስተኛው ነገር ከኹሉ ይልቅ የሚከብደኝ ነው። በነሐሴ ወር 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሲኒማው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኩ የእርሷ የኾነችው ሴት፥ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ አቤት ስላለች ነው። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ሥዕሉ ታየ። የሕጉን ክርክር ለሕግ ዐዋቂዎች እተዋለሁ፤ ስለ ድርሰት ግን መናገር ይገባኛል። ሥራው ኹሉ የሚያጠነጥነው ልጅት ሳትፈቅድ መወሰድ የለባትም በሚለው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የባለ ታሪኳን ፈቃድ ከነገር ኹሉ በፊት ማስቀደም ነበረበት። ዘረሰናይ በክፋት አደረገው አልልም። ነገር ግን ጥፋቱ በሥዕሉ ውስጥም ምልክቱ አለ። ከመካከሉ ወዲህ ሂሩት ወደ ኋላ እየራቀች፥ ጠበቃዋ ወደ ፊት እየመጣች ትሄዳለች። ሜሮን ጌትነት በጥሩ ኹኔታ ተጫውታለች፤ ሚኒስትሩን ለመክሰስ የተነሣችበት ክፍል ደም ያሞቃል። ግን ያን ጊዜ ሂሩት ወዴት ናት? በማደሪያው ተቀምጣ የሌሎችን ክርክር ትጠብቃለች። ጠመንጃ ያነሣችው ልጅ በገዛ ታሪኳ ተደራቢ ኾነች።

ሲኒማው የአገሩን ሕግ ለወጠ የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም፥ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠላፊ ቅጣት ከ3 ዓመት አይበልጥም ነበር፤ ያችኑ የጠለፋትን ቢያገባትም ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለኹለቱም 18 ዓመት አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በ587ኛው አንቀጽ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ አድርጎ፥ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ከቅጣት እንደማያድን ደነገገ። ይህ ኹሉ የኾነው ሲኒማው ሳይወጣ ነው። ያመጡትም የሴቶቹ ጠበቆች ድካምና እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ያስነሡት ክርክር ናቸው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ኾነው አገለገሉ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመዠመሪያይቱ ሴት ናቸው። ሲኒማው ሕግ አላወጣም፤ ሕጉ በቃላት ያለውን በሰው ፊት አሳየን። ለአንድ የጥበብ ሥራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ የማከብራቸው የዚህ አገር ሰው ይህን ጽሑፍ ሳልጨርስ አንብበው፥ ልጆቹ ወደ ቤት በጊዜ ቢገቡ መልካም አይደለምን? አሉኝ። መልካም ነው። ነገር ግን ከእናንተ ወንዶች ልጆቻችሁን እስከ 11 ሰዓት ግቡ ብሎ ያዘዘ ማን አለ? በመሸ ጊዜ የሚታሰረው ሁልጊዜ የሚፈራው እንጂ የሚያስፈራው አይደለም። እርሳቸውም ዝም አሉ፥ እኔም አልገፋሁም፤ ያችን የ7ኛ ክፍል ተማሪ አስቤ።

ለጠየቀችኝ ልጅ የሲኒማውን ፍጻሜ አልነገርኋትም። ከሌሎቹ መምህራን ጋራ ተማክረን የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት እንደ ገና እናሳያለን፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በቀን ያልቃል። ከቡናው ማዶ የሚመጡትን ተቀብለው የሚሸኙ ኹለት እናቶች ፈቃደኞች ኾነዋል። ወንዶቹ ተማሪዎች ግን በዚህ ጊዜ የሚቀመጡት በፊተኛው ረድፍ ነው።